የአውራ ጣት ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ1814 ለንደን ውስጥ አንዲት አህያ ትከሻዋ ላይ መርዝ ተወጋች። መርዙ የደቡብ አሜሪካ አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ የሚነክሩበት ኩራሬ ነበር፤ ሙከራውን ያዘጋጀውም ቻርለስ ዋተርተን የተባለ እንግሊዛዊ አሳሽ ነው። አህያዋ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተዘርራ የሞተች መሰለች። የአየር ቧንቧዋን ቀድደው ሳንባዋን በወናፍ ይነፉላት ጀመር። 2 ሰዓት ያህል ከነፉላት በኋላ ነፍስ ዘራች፤ ራሷን ቀና አድርጋ ዙሪያዋን ቃኘች። ሰዎቹ ወናፉን አቆሙ። አህያዋም ተመልሳ ተዘረረች። ወናፉ እንደገና ተነሣ፤ ለሌላ 2 ሰዓት ሳይቋረጥ ተነፋላት፤ ያን ጊዜ በእግሯ ቆማ ሄደች። ከዚያም በኋላ 25 ዓመት ያህል ኖራለች።

ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ሰው ሠራሽ ትንፋሽ ሕይወት እንደሚያተርፍ ለማሳየት ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ግን መካከሉ ነው፤ ያቺ ራሷን ቀና ያደረገችበት ቅጽበት። በዘመናዊ የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ታካሚው ከጡንቻ ማላሊያ መድኃኒት ነጻ መውጣቱ የሚታወቀው በዚያው ምልክት ነበርና። «ራስህን ከትራሱ አንሣና ለ5 ሰከንድ ያዘው» ይባላል። ካነሣ የመተንፈሻ ቱቦው ይወጣል። አህያዋ ይህን ፈተና ብትቀመጥ ኖሮ ታልፈው ነበር።

በ2023 የአሜሪካ የአንስቴዚዮሎጂስቶች (የሰመመን ሐኪሞች) ማኅበርም ሆነ የአውሮፓው አቻው በየፊናቸው መመሪያ አውጥተው አንድ ቃል ተናገሩ፦ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት የተሰጠው ሰው ቱቦው ከመውጣቱ በፊት የጡንቻው አቅም በመሣሪያ ተለክቶ በቁጥር ይታወቅ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሣሪያው አዲስ አይደለም፤ ሐሳቡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ታዲያ ይህን ለማስታወስ መመሪያ ያስፈለገው ለምንድን ነው?

መልሱ የሚጀምረው ከመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ሙሉ ሰመመን ሦስት ነገሮችን ያጣምራል፤ እንቅልፍን፣ የሕመም ስሜት መጥፋትንና የጡንቻ መላላትን። ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ከሌሎቹ የሚለየው አያስተኛም፣ ሕመምም አያስታግስም። እሱን ብቻ የወሰደ ሰው ነቅቶ፣ ሁሉን እየሰማ፣ ሽፋሽፍቱን ማርገብገብ ተስኖት ይጋደማል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። የድምፅ አውታሮች ስለሚላሉ ቱቦው ሳይጎዳቸው ያልፋል፤ የሆድ ግድግዳ ስለሚለዝብ ሐኪሙ ሳይታገል ይሠራል። በጥር 1942 ሞንትሪያል ውስጥ ሃሮልድ ግሪፊዝ እና ኢኒድ ጆንሰን ተጣርቶ የተዘጋጀ ኩራሬን ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ለተኛ ወጣት ሰጡ፤ የሰመመን ሕክምናም ከዚያ ወዲህ ሌላ መልክ ያዘ።

ደስታው ግን ሳይሸረፍ አልቆየም። በ1954 ቢቸር እና ቶድ የተባሉ አሜሪካውያን ከ10 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ የሰመመን መዝገብ አገላብጠው ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት በተሰጣቸው ታካሚዎች ላይ ከሰመመን ጋር የተያያዘው ሞት ካልተሰጣቸው 6 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ ጻፉ። እነርሱ መድኃኒቱ በባሕርዩ መርዛማ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጠረጠሩ። በኋላ የመጡት ግን ጥፋቱን ሌላ ቦታ አገኙት፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ሳይወጣ ታካሚው ለራሱ ይተዋል። ወናፉ ቀድሞ ይቆማል ማለት ነው።

አሁን ወደ ነርቭና ጡንቻ መገናኛ እንውረድ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። ነርቭ ጡንቻን ሲያዝ ከጫፉ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይረጫል። ኬሚካሉ በጡንቻው ወለል ላይ ካሉ ተቀባዮች ጋር ሲገናኝ ጡንቻው ይኮማተራል። ሮኩሮኒየምን የመሳሰሉ መድኃኒቶች እነዚህን ተቀባዮች ይይዙባቸዋል፤ አንድ ሰው አዳራሽ ውስጥ ኮቱን ጥሎ ወንበር እንደሚይዘው፣ ራሱ አይቀመጥ፣ ሌላውን አያስቀምጥ። ችግሩ አዳራሹ ከሚያስፈልገው በላይ ወንበር ያለው መሆኑ ነው። ከተቀባዮቹ 70 ወይም 75 በመቶ ያህሉ ካልተያዙ በቀር የጡንቻው ጉልበት መቀነሱ በአንድ የኤሌክትሪክ ምት ሲፈተን አይታወቅም፤ ጨርሶ የሚጠፋው 90 በመቶ አልፎ ሲያዝ ነው። ይህን በተቃራኒው አስቡት። ቀዶ ሕክምናው አልቆ መድኃኒቱ እየለቀቀ ሲሄድ፣ ጡንቻው ደኅና ሆኖ በሚታይበት ሰዓት ከተቀባዮቹ ከግማሽ የሚበልጡት ገና በኮት እንደተያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። መድኃኒቱ የሚደበቀው እዚህ ነው፤ የሐኪሙ ልምድ ምንም ያህል የጠለቀ ቢሆን የሚያየው ነገር ራሱ ተሸፍኗል።

ሽፋኑን የገለጠው ዘዴ የተወለደው በ1970ዎቹ መባቻ ሊቨርፑል ውስጥ ነው፤ ባለቤቶቹም አሊ፣ አቲንግ እና ግሬይ ናቸው። በእጅ አንጓ ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ሁለት ተለጣፊ ኤሌክትሮዶች ይደረጋሉ። ከሥራቸው የሚያልፈው ነርቭ ክርናችንን ስንጋጭ የሚነዝረን ያው ነርቭ ነው። መሣሪያው በግማሽ ሰከንድ ልዩነት አራት አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች ይልካል፤ አውራ ጣትም አራት ጊዜ ወደ መዳፍ ትዘላለች። በገዛ እጁ ላይ የሞከረው ሰው ደስ የማይል ስሜት እንዳለው አይረሳውም። መድኃኒት በሌለበት አራቱ ዝላዮች እኩል ናቸው። መድኃኒቱ ሲኖር ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ያንሳል፤ አራተኛው በጣም ይደክማል። ነርቩ ለተከታታይ ትእዛዝ የሚሆን አሴቲልኮሊን ቶሎ ቶሎ ማቅረብ ስለሚያቅተው ነው።

የሊቨርፑሎቹ ብልሃት አራተኛውን ዝላይ ለመጀመሪያው ማካፈላቸው ላይ ነው። እያንዳንዱ ታካሚ የራሱ መለኪያ ይሆናል፤ ቀድሞ ምን ያህል ጉልበት ነበረው ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ውጤቱ 1 ከሆነ አራተኛው ከመጀመሪያው እኩል ነው፤ 0.5 ከሆነ ግማሹን ያህል ነው። መድኃኒቱ ሲበረታ አራተኛው ዝላይ ጨርሶ ይጠፋል፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ሁለተኛው፣ በመጨረሻም የመጀመሪያው፤ ሲለቅ ደግሞ በመጡበት ተቃራኒ ይመለሳሉ። አራቱም በጠፉበት ጥልቀት ላይ እንኳ ሌላ መንገድ አለ፦ ነርቩን በሰከንድ 50 ጊዜ ለ5 ሰከንድ ካጣደፉት በኋላ ጥቂት ቆይተው በነጠላ ምት ቢጠሩት፣ ጣቲቱ የምትመልሰው የዝላይ ብዛት ጥልቀቱን ይናገራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነጥብ ላንሣ። ርካሹና በየክፍሉ የሚገኘው ነርቭ ማንቂያ ምቱን ይልካል እንጂ አይለካም፤ ዝላዩን የሚገምተው የባለሙያው ዓይን ወይም ጣት ነው። ዴንማርካዊው ቪቢ-ሞገንሰን እና ባልደረቦቹ በ1985 እንዳሳዩት ውጤቱ 0.4 ካለፈ በኋላ የሠለጠነ ሰው እንኳ አራተኛው ከመጀመሪያው ማነሱን በዓይኑም ሆነ በመዳሰስ ለመለየት ይቸገራል። አራቱም እኩል የዘለሉ ይመስሉታል። ስለዚህ ከ0.4 እስከ 0.9 ያለው ሰፊ ቦታ ለሰው ስሜት ጨለማ ነው፤ ታካሚው የሚነቃውና ቱቦው የሚወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። «ነርቭ ማንቂያ እጠቀማለሁ» የሚል ባለሙያ እውነቱን ነው፤ ያየሁት በቂ ነው ማለቱ ግን ስሕተት ነው።

ቱቦ ለማውጣት ዛሬ የሚፈለገው ዝቅተኛ ልክ 0.9 ነው፤ ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ቀድሞ 0.7 ይበቃል ተብሎ ነበር፤ በዚያ ደረጃ ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው ዋነኛው የመተንፈሻ ጡንቻ) ይሠራል፣ ሰውም በጥልቀት መተንፈስ ይችላልና። ነገር ግን ድያፍራም ከጡንቻዎች ሁሉ ለዚህ መድኃኒት የማይበገር ነው። በ1990ዎቹ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን ነቅተው ሳሉ ሲመረምሩ ከ0.9 በታች የጉሮሮ ጡንቻዎች ቅንጅት እንደሚፋለስ፣ የዋጡት ነገር ወደ አየር ቧንቧ ሊያዘነብል እንደሚችል አዩ። ከዚህም በላይ፣ በ0.7 ላይ ሰውነት ለኦክስጅን ማነስ የሚሰጠው ምላሽ ራሱ ይዳከማል። ትንፋሹን ማፍጠን ያለበት ሰው አያፈጥንም።

በ1997 ኒው ዮርክ ውስጥ የተሠራ ጥናት ደግሞ ስሜቱን ከባለቤቶቹ አንደበት ለመስማት ሞከረ። 10 ፈቃደኞች ሳይተኙ መድኃኒቱ በጥቂት በጥቂቱ ተሰጣቸው። ሐኪሞቹ የምላስ መጫኛ እንጨት በጥርሳቸው እንዲነክሱ አድርገው ይጎትቱባቸው ነበር። ራሳቸውን ለ5 ሰከንድ ማንሣት የቻሉት ሰዎች ያችን እንጨት መያዝ አቃታቸው፤ መያዝ የቻሉት ቁጥሩ ወደ 0.86 ሲጠጋ ነው። 0.9 ካለፉም በኋላ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የታያቸው ነበሩ። እነዚህ ጤነኞች ናቸው፤ ሆዳቸው አልተከፈተም፣ የሕመም ማስታገሻ አላደከማቸውም፣ ምን እየተደረገባቸው እንደሆነም ያውቃሉ። ከሰመመን እየነቃ ያለ በሽተኛ ግን ከንፈሩ ለምን እንደከበደው፣ ዐይኑን ለምን መግለጥ እንዳቃተው፣ ለምን አየር ያጠረው እንደሚመስለው የሚነግረው የለም። ሲወራጭ አይቶ «ሕመም ነው» ብሎ ማስታገሻ የሚጨምርለት ሰው ትንፋሹን ይበልጥ ያደክምበታል።

ነገሩ ምን ያህል የተስፋፋ ነው? በ1979 ከኮፐንሃገን የወጣው ጥናት ወደ ማገገሚያ ክፍል ከደረሱ 72 ሰዎች 30ዎቹ ገና ከ0.7 በታች እንደነበሩ አሳየ። በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ ለቱቦ ማስገቢያ አንድ ጊዜ ብቻ መድኃኒቱን ከወሰዱ፣ ማርከሻም ካልተሰጣቸው 526 ታካሚዎች 45 በመቶው ከ0.9 በታች ሆነው ተገኙ፤ ከተሰጣቸው 2 ሰዓት ካለፋቸው መካከል እንኳ 37 በመቶው። በ2015 የታተመው የካናዳ ጥናትም ቱቦው በሚወጣበት ሰዓት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 0.9 እንዳልደረሱ አረጋግጧል። በሌላ በኩል በ2010 በአውሮፓና በአሜሪካ የሰመመን ባለሙያዎች መካከል በተደረገ መጠይቅ አብዛኞቹ መላሾች ጉዳት የሚያስከትል ቀሪ ድካም (መድኃኒቱ ሳይለቅ የቀረ የጡንቻ ድካም) የሚደርሰው ከ100 ሰው ከ1 በታች ነው ብለው ገምተዋል፤ ከአውሮፓውያኑ 19 በመቶው፣ ከአሜሪካውያኑ 9 በመቶው ደግሞ መሣሪያውን ፈጽሞ እንደማይጠቀሙ ተናግረዋል።

ይህን ልዩነት በስንፍና ብቻ ማስረዳት አይቻልም። አብዛኛው ታካሚ ይተርፋል። 0.7 ላይ ወደ ማገገሚያ ክፍል የሚሄድ ወጣት ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደርጎለት፣ ነርስ አጠገቡ ቆማ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ከመድኃኒቱ ይገላገላል፤ የሆነውን ማንም አያውቅም። ሽማግሌው ወይም ሳንባው የደከመው ሰው ላይ ግን ጉዳቱ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ውስጥ ትኩሳትና ሳል ይጀምረዋል፤ መዝገቡ ላይ «የሳንባ ምች» ይጻፋል። ያን ምች በቀዶ ሕክምናው ቀን ከነበረችው አውራ ጣት ጋር የሚያያይዘው ማን ነው? ቱቦውን ያወጣው ባለሙያ ያን ጊዜ ሌላ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው እያስተኛ ነው። ከስሕተቱ የሚማርበት መንገድ ተቆርጧል። በጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ ስትመጣ «የከንፈሩን ቀለም አይቼ አውቃለሁ» ይሉ የነበሩ ሁሉ ዛሬ ያለ እርሷ አንድ ሰው አያስተኙም። የጡንቻ መለኪያው ይህን ዕድል እስካሁን አላገኘም።

እርግጥ መሣሪያዎቹም ነገር አላቸው። የአውራ ጣትን ፍጥነት ለውጥ የሚለካው ዓይነት ጣቲቱ እንደ ልብ እንድትንቀሳቀስ ይፈልጋል፤ ክንድ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጎን ከተያዘ ንባቡ አያስተማምንም። መድኃኒቱ ሳይሰጥ በፊትም ብዙ ጊዜ ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ስለሚያሳይ፣ መነሻው ካልተለካ 0.9 ብሎ ያወጣው እውነተኛ 0.9 ላይሆን ይችላል። የጡንቻውን የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካው ዓይነት ይህን ጣጣ ያቃልላል። የቀዘቀዘ እጅም ያሳስታል። እጅ ከመሸፈኛው ሥር ሲሆን ባለሙያዎች የሚሸሹት ወደ ፊት ነው፤ ኤሌክትሮዱን ከዐይን አጠገብ ለጥፈው የቅንድብን ንቅናቄ ያያሉ። ይህ ምቹ ወጥመድ ነው፤ የቅንድብ ጡንቻ እንደ ድያፍራም ቀድሞ ይነቃል። በ2012 በታተመ አንድ ጥናት ክትትሉ በዐይን አካባቢ ከተደረገላቸው ግማሽ ያህሉ ቀሪ ድካም ይዘው ሲወጡ፣ በአውራ ጣት ከተደረገላቸው ግን 22 በመቶው ናቸው። የ2023ቱ የአሜሪካ መመሪያ የዐይን አካባቢን ተዉ ያለው ለዚህ ነው።

ክትትሉ የሚጠቅመው ለመውጫ ሰዓት ብቻ አይደለም። በብሪታንያና በአየርላንድ ተካሂዶ በ2014 ይፋ የሆነው ትልቅ ጥናት በሰመመን ውስጥ ሳሉ የነቁ ሰዎችን አቤቱታ ሲቆጥር፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ከተሰጣቸው ከ8,000 አንድ፣ ካልተሰጣቸው ግን ከ136,000 አንድ ሆኖ አገኘው። መድኃኒቱ እንቅልፍ አይነሳም፤ ነቅቶ የሚሰቃየውን ሰው ግን እጁን አንሥቶ እንዳያስታውቅ ያስረዋል። ከነዚህ አቤቱታዎች የተወሰኑት በመጨረሻው ሰዓት የደረሱ ናቸው፤ የእንቅልፉ መድኃኒት ተዘግቷል፣ የጡንቻው ግን አልለቀቀም። ሱክሲኒልኮሊን የተባለውን ሌላ ጡንቻ ማላሊያ የሚያፈርሰው ኤንዛይም በተፈጥሮ የጎደላቸው ሰዎችም አሉ፤ ለደቂቃዎች የታሰበው መድኃኒት ለሰዓታት ያሰራቸዋል። እንቅልፉን ከማንሣት በፊት አውራ ጣትን መጠየቅ ይህን ሁሉ ይገልጠዋል።

«ማርከሻ እንሰጣለን፣ ምን ችግር አለ?» የሚሉ አሉ። አሮጌው ማርከሻ ኒዎስቲግሚን አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም አግዶ ኬሚካሉ እንዲበዛ ያደርጋል። ግን ጣሪያ አለው፤ ጥልቀት ላይ ላለ ሰው ቢደራርቡለትም አያወጣውም። የአሜሪካው መመሪያ ውጤቱ 0.4 ከደረሰ በኋላ ቢሰጥ ይሆናል የሚለው ለዚህ ነው፤ 0.4 መድረሱን ለማወቅ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል። በአውሮፓ በ2008፣ በአሜሪካ በ2015 የተፈቀደው ሱጋማዴክስ በሌላ መንገድ ይሠራል፤ የሮኩሮኒየምንና የቬኩሮኒየምን ሞለኪውል ከቦ ይይዘዋል፣ ለሌሎቹ ግን አይሆንም። ድንቅ መድኃኒት ነው። መጠኑ ግን እንደ ጥልቀቱ ይለያያል፤ ሁለተኛው ዝላይ ለተመለሰለት በኪሎ 2 ሚሊግራም፣ ከዚያ ለጠለቀው 4 ሚሊግራም። ያለ መለኪያ የሚሰጠው ሰው ወይ ያባክናል ወይ ያሳንሳል። በ2013 ጃፓን ውስጥ ክትትል ሳይደረግ ሱጋማዴክስ ከተሰጣቸው 100 ሰዎች 4 ያህሉ 0.9 ሳይደርሱ ቱቦው ወጥቶላቸዋል።

ለሙግቱ ታማኝ ለመሆን የሚጎረብጠውን ማስረጃም ማንሣት ይገባል። በ28 የአውሮፓ አገሮች 22,803 ታካሚዎችን የተከታተለው፣ በ2019 የታተመው ጥናት ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ከሳንባ ችግር ጋር መያያዙን አረጋገጠ፤ ሆኖም ክትትል ማድረግም ሆነ ማርከሻ መስጠት ችግሩን ሲቀንስ አላየም። መሣሪያውን የሚንቁ ሁሉ ይህን ይጠቅሳሉ። እኔ ግን ጥናቱ የሚናገረው ስለ መሣሪያው መኖር እንጂ ስለ ቁጥሩ መከበር አይመስለኝም። መለኪያውን አብርቶ 0.7 ላይ ቱቦውን የሚያወጣ ሰውም «ክትትል አድርጓል» ተብሎ ይቆጠራል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ቆይተው ያንኑ መረጃ እንደገና ሲፈትሹት፣ ቱቦው 0.95 ካለፈ በኋላ የወጣላቸው ሰዎች የሳንባ ችግር አንሶ አገኙት።

ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በአንድ አጭር የመጠበቂያ ጊዜ ነው። የመጨረሻው ስፌት ተቋጥሯል። ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን አውልቋል፤ ነርሶቹ ዕቃ እየሰበሰቡ ነው፤ ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ አልጋው ላይ ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። ታካሚው ራሱን ቀና አድርጓል፣ ዐይኑንም ከፈት አድርጓል። «እየተነፈሰ ነው እኮ፣ አናወጣውም?» ይላል አንዱ። ስክሪኑ ላይ 0.62 ይነበባል። የሰመመን ባለሙያዋ የእንቅልፉን ጋዝ መልሳ በትንሹ ትከፍታለች፤ ማርከሻውን ሰጥታ ሰዓቷን ታያለች። 0.74። አንድ ሰው ሳይታወቀው ይተነፍሳል፣ ሌላው በሩን ከፍቶ ይወጣል። 0.85። አራቱ ዝላዮች ለዓይን ከደቂቃዎች በፊት ጀምረው እኩል ናቸው። 0.93። ጋዙን ትዘጋለች፤ ሲነቃ ቱቦውን ታወጣለች፤ ከዚያም ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የተለካበትን እጅ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች።